ንጹህ ነህ ተብዬ

ምንም አያመኝም ነበር። ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ሰሚው ግን ይህቺን እንደ ሰላምታ ያልፋትና ወደ ካንሰሩ ይጣደፋል። ስለዚህ ደግሜ ልበል፤ ምንም አያመኝም ነበር። ዕድሜዬ ሃምሳዎቹን እያገባደደ ነበር። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ፣ ከባለቤቴ ጋር አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ነበረን። ጠዋት ኢስትሊ ገበያ ወርጄ በርበሬውንም ቅቤውንም መርጬ፣ ከማታቱው ማለትም ከሚኒባሱ ረዳት ጋር ተጨቃጭቄ፣ ጆንያ ሽሮ በትከሻዬ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ጨጓራ እንኳ የሌለብኝ ብርቅ አበሻ ነበርኩ።

በዚያ ቤት ውስጥ ወጡ የባለቤቴ ነው፤ ሳቁ የእኔ። እንግዳ ገብቶ ሳይስቅ ከወጣ የከሰርኩ ይመስለኝ ነበር። ከጊጊሪ መሥሪያ ቤቶች ለምሳ የሚመጡት ባለ ከረባቶች፣ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ የዋሉት ልጆች፣ ሁሉም ባንኮኒው ጋ ቆመው አንድ ነገር ካላስወሩኝ አይቀመጡም። ባለቤቴ ደስ ሲላት «ሰው ለወጤ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር» ትላለች፤ ሲደክማት ደግሞ «ወሬህን ተውና ሳህን አንሳ» ትለኛለች።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነን። በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ስለነበርኩ ድምፅ ማጉያውን ማስተካከልም፣ ማስታወቂያ መናገርም ከእኔ አያልፍም ነበር። የቤተ መቅደሱን ቀይ ምንጣፍ እንኳ ኢስትሊ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ መርጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጫማዬን አውልቄ ያንን ምንጣፍ ስረግጥ የሳምንቱ ድካም በእግሬ መዳፍ በኩል ወርዶ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። በወንዶቹ በኩል፣ ከሁለተኛው ዓምድ አጠገብ አንድ ቦታ አለችኝ፤ ማንም አይቆምባትም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሞባይል ስልክ ሁሉም እጅ በገባበት ሰሞን። ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ምእመናችን «ከቅዳሴ በኋላ ነጻ ምርመራ እናድርግ» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች ደግሞ የፕሮስቴት የደም ምርመራ። ማስታወቂያውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ፕሮስቴት ማለት እኛ ወንዶች ብቻ ያለን ዕጢ ነው፤ ሴቶች እንዳትቀኑ» አልኩና ግቢውን አሳቅኩት። ወንዶቹ ግን ሳቁ እንጂ አልተነሡም። የስኳሩ ሰልፍ እስከ በሩ ሲደርስ የእኛ ወንበር ባዶውን ቀረ። ሰው ሲያፍር አንድ ቀዳሚ ያስፈልጋል። እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩና እጄን ሰጠሁ፤ አሁን ሳስበው በሁለቱም ትርጉሙ።

ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጡት ወዳጄ ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያረጁ፣ ከዚያም ናይሮቢ የቀሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ፤ አማርኛን ከብዙዎቻችን አሳምረው ይናገራሉ። ካቶሊክ ናቸው፤ ግን የእኛ ቤት የዘወትር ደንበኛ ስለሆኑ ነጻ ምርመራ አለ ስላቸው መጡ። «የካቶሊክ ደም ከናንተ ይለይ እንደሆነ እዩት» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ አንድ ሁለት እያሉ ተነሡ። ሐኪሙ ወገናችን በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥራቸው ከፍ ያለው የሽማግሌውና የእኔ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ለብቻችን ጠርቶ «ይህ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ግን ሆስፒታል ሄዳችሁ ናሙና መወሰድ አለበት» አለን። ሽማግሌው ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ማኪያቶ ልጠጣ ብለው ሄዱ። እኔ ሆስፒታል ሄድኩ። ናሙናውን በየት በኩል እንደሚወስዱት ላለመናገር ይፈቀድልኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት ባለቤቴን እንኳ ዓይኗን አይቼ የማላወራው ነገር ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ኬንያዊ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ «ምዜ» እያለ የሚጠራኝ ሰው። ምዜ ማለት እንደ ጋሼ ነው። ባለቤቴና ልጄ ግራና ቀኜ እንደተቀመጡ ነገሩን አስረዳን። ካንሰር ነው። ትንሽ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ይመስላል። ይህ ኖሮባቸው ሳያውቁት አርጅተው በሌላ ምክንያት የሚሞቱ ብዙ ወንዶች አሉ፤ ስለዚህ በየጊዜው እየመረመርን መከታተል እንችላለን። ወይም ቀዶ ሕክምና አድርገን ዕጢውን ማውጣት እንችላለን፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው አለና ጣጣዎቹን በእርጋታ ነገረን። አንዱንም አልደበቀም። የሰማሁት ግን የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ልጄ እዚሁ ያደገች ናት፤ ስትደነግጥ ቋንቋዋ ይደበላለቅባታል። «አባዬ፣ ኢትስ ካንሰር! ምኑን ነው የምንከታተለው?» አለች። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም። ቤተሰብ ተሰብስቦ ይመክራል፣ ይደብቃል፣ ታማሚው እያወቀ የማያውቅ መስሎ ይሞታል። ስንቱን ታማሚ እኔ ራሴ «ጉንፋን ነው» ብዬ አጽናንቻለሁ። እኔ ግን በሰው አገር ስለሆንኩ ፊት ለፊት ተነገረኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ታመምኩ። ሰውነቴ ትናንት የነበረው ነው፤ ጆንያውን ማንሳት እችላለሁ፤ ግን ታመምኩ። ሽንት ቤት ገብቼ ድምፁን አዳምጣለሁ። አልጋ ላይ ጋደም ስል እጄ ሳላዝዘው ወደ እንብርቴ ሥር ይሄዳል፤ እዚያ ውስጥ አንድ ነገር እየበላኝ ነው እላለሁ። እህል መሬት መሬት አለኝ።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከኪሊማኒ ኢስትሊ ደረሰ። ሰዎች ምግብ ቤቱ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መብላት ጀመሩ። ባንኮኒው ጋ የሚቆም ጠፋ። አንድ ነገር ብዬ ለማሳቅ ብሞክር ከንፈር ይመጡልኛል፤ የራሴን ለቅሶ የምደርስ መሰለኝ። ሁሉም አንድ አባባል ተስማምተው የያዙ ይመስል «እንኳን ቶሎ ተገኘ» ይሉኛል። እንኳን ቶሎ ተገኘ! ሌባ የተያዘ ይመስላል። አንዷ ደንበኛችን እጄን ይዛ አልቅሳ ስታበቃ ሁለት ቀይ ወጥ አዘዘች። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ድሮ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ አልሳቀችም።

ቀዶ ሕክምናውን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋኝም። ሐኪሙ ጊዜ ወስደህ አስብ ቢለኝም እኔ ማሰቡን ነበር ያልቻልኩት። ካንሰር የሚባል ነገር ሆዴ ውስጥ አስቀምጬ፣ በየወራቱ ደም እየሰጠሁ፣ ቁጥር እየጠበቅኩ መኖር አልችልም አልኩ። አውጡልኝ አልኩ። የንስሐ አባቴ ቤት ድረስ መጥተው ጸሎት አደረሱልኝ፤ ጸበል ጠጥቼ ሆስፒታል ገባሁ።

ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሳምንታት በኋላ ያደረጉልኝ የሽንት ቱቦ ወጣልኝ፤ የመጨረሻው ውጤትም በዚያው ቀን መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ። «ምዜ፣ ኡኮ ሳፊ። ሳፊ ካቢሳ» አለኝ። ሳፊ በስዋሂሊ ንጹህ ማለት ነው፤ ደህና፣ ጥሩ ለማለትም ይሉታል። ካንሰሩ ከዕጢው አልወጣም፣ የቀረ ነገር የለም፣ ንጹህ ነህ ማለቱ ነው። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ እልል አለች፤ አንዲት ነርስ ከክፍሏ ወጥታ አየቻት። እኔ ሐኪሙን ለመጨበጥ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ብድግ ስል ሙቅ ነገር በጭኔ ወረደ። እጁን እንደያዝኩ ወደ ታች አየሁ፤ እሱም አየ። «ፖሌ፣ ምዜ» አለኝ፤ አይዞህ እንደማለት ነው። «ይህ በጊዜ ይሻላል።»

አልተሻለም። ሐኪሙ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አስተማረኝ፤ ሽንት እንደሚይዝ ሰው መጨበጥ፣ መልቀቅ፣ መጨበጥ። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ሒሳብ እየተቀበልኩ እጨብጣለሁ፤ ፊቴ ስለሚኮሳተር ደንበኛው ያጎደለ መስሎት ኪሱን ይፈትሻል። አንዳንዱ በወራት ይድናል፣ አንዳንዱ በዓመት፣ አንዳንዱ ደግሞ አይድንም አሉኝ። እኔ ከማይድኑት ሆንኩ። ስቀመጥ ደህና ነኝ። ዕቃ ሳነሳ ያመልጠኛል። ሳስል ያመልጠኛል። ከሁሉም የከፋው ስስቅ ያመልጠኛል። ያ ሁሉ ሰው ለሳቅ በሚመጣበት ቤት ውስጥ ሳቅ የሚያረጥበው ሰው ሆንኩ።

ሱቅ ሄጄ የአዋቂ ዳይፐር ለመጠየቅ ሞት መሰለኝ። ባለቤቴ ምንም ሳትለኝ አንድ ቀን የልጃችንን ሞዴስ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያው ላይ፣ በእኔ መላጫ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። እንዴት እንደሚለጠፍ ሳላውቅ ገልብጬ ለጥፌው ዋልኩ። ማታ ነግሬያት አሳየችኝ። በባልና ሚስትነታችን የቀረውን ነገር አልዘረዝረውም፤ እሱም ከዕጢው ጋር ወጥቷል። በአንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነን፣ እሷ እንዳልሰማ እያለቀሰች፣ እኔ እንዳልሰማሁ እየሆንኩ እንተኛለን። ጓደኞቼ ሲያገኙኝ አሁንም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳንክ!» ይሉኛል። እኔም «ይመስገን» እላለሁ፤ ምን ልበል?

ቱቦው ከወጣልኝ በኋላ የመጀመሪያዋ እሑድ ከሁሉም ትታወሰኛለች። ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በሩ ላይ ስደርስ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ሰውነቱ የሚፈስስ ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። ይህን ማንም አላነበበልኝም፤ አብሬው ያደግኩት ነው፤ ጫማ ይወለቃል እንደማለት። ቁስል ያለበት፣ ደም የሚፈስሰው፣ ከደጅ ቆሞ ያስቀድሳል። ባለቤቴ ፊቴን አየችና ገባት። «ና፤ ቦታ አሳይሃለሁ» አለችኝ።

ወሰደችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አንድ የጃካራንዳ ዛፍ አለ፤ ከእሱ ጥቂት እልፍ ብሎ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ። «እዚህ ጋ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል» አለችኝ። «ወዲያ ከሄድክ ያስተጋባል። ፀሐይም እስኪከር ድረስ አይደርስብህም።» ሃያ ስንት ዓመት አብረን ስናስቀድስ፣ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር የት እንደምትቆም አስቤው አላውቅም ነበር። ውስጥ በሴቶቹ በኩል ካላየኋት ከደጅ ናት እላለሁ፤ ደጅ የት እንደሆነ ግን አላውቅም። ለካ ቦታ ነበራት፤ ጥላውንም ድምፁንም አጥንታ የያዘችው። እሷ ከዚያ ጣጣ የተገላገለችው በቅርቡ ነው። «እኔ ስገባ አንተ ወጣህ» አለችኝ። ሁለታችንም ልንስቅ ነበር፤ ከዚያ መሳቅ እንደማልችል ትዝ አለንና አፋችንን ያዝን።

ከዛፉ ሥር የወር አበባቸው የመጣባቸው ወጣት ሴቶችና ገና ክርስትና ያልተነሡ ሕፃናት የታቀፉ አራሶች ቆመዋል። እንደ አንድ ግዙፍ ቆርኪ መሐላቸው ተወተፍኩ። የመጀመሪያ ቀን አንዷ «ጋሼ፣ ውስጥ ቦታ ሞላ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ሞላ» አልኳት። በሦስተኛው እሑድ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ስመጣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ጥላው ውስጥ ቦታ ይለቁልኛል። እንዲህ ያለ ጨዋነት በወንዶቹ በኩል አይቼ አላውቅም። ያኔ ግን ያ ጨዋነት ከስድብ በላይ ያመኝ ነበር።

ሽማግሌው ወዳጄ በነዚህ ወራት ሁሉ ምግብ ቤቱ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ያቺን ወረቀት ከኪሳቸው ያወጧት አይመስለኝም። ናሙና አልሰጡም፣ ዳግመኛ አልተመረመሩም። «ጨምሮ ይሆናላ፤ አልጠየቅኩትም፣ አልነገረኝም» ይላሉ። ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ፣ የሚያስቅ ነገር ሲሰሙ ጠረጴዛውን እየመቱ ይስቃሉ፤ ደረቅ ሆነው ይስቃሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ይሄዳሉ። ሲስቁ አያቸዋለሁ። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ እንዲሞቱም እፈልጋለሁ። ውሸት አልናገርም፤ አንዳንድ ጠዋት በሩን ከፍተው ሲገቡ ዛሬ ትንሽ ቢከሱ፣ ትንሽ ቢገረጡ እያልኩ ፊታቸውን እመረምራለሁ። እሳቸው በዚያ በሽታ ቢሞቱ የእኔ ነገር በከንቱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። እሳቸው ግን ይወፍራሉ።

የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። ተሳስተሃል የሚለኝ የለም፤ ልክ ነህ የሚለኝም የለም። ምናልባት ያ ቢላዋ ባይነካኝ እስከ ዛሬ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ በስቃይ እሞት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ እንደ ሽማግሌው እየሳቅኩ እኖር ይሆናል። ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። «ይህን ማወቅ አይቻልም፣ ምዜ» አለኝ በሐዘን፤ ሐቀኛ ሰው ነው። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።

በመሐሉ ልጄ ልታገባ ሆነ። ልጁ እዚሁ ያደገ፣ ደርባባ፣ አማርኛው ሰባራ፣ እምነቱ ግን ሙሉ የሆነ ልጅ ነው። በተክሊል እንጋባለን አሉ። ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ቆርበው፣ አክሊል ተደፍቶላቸው። በዚህ ዘመን፣ በዚህ ከተማ፣ ሁለት ልጆች እንዲህ ሲሉ አባት ምን ሊል ይችላል? በደስታ መስገድ አማረኝ። ከዚያ ያቺ ዛፍ ትዝ አለችኝ። ልጄም ትዝ ብሏት ኖሮ ከወንበሯ ተነሥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «አባዬ፣ ውስጥ ካልቆምክልኝ አይ ካንት። አንተን ደጅ አስቀምጬ አላገባም» አለችኝ። «እገባለሁ» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አንድ ነገር ፈልጌ አላውቅም። ካንሰሩን አውጡልኝ ስል እንኳ እንደዚያ አልፈለግኩም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ሞዴሱን ሳይቀር። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና «ልጄ፣ ደዌ ኃጢአት አይደለም። ስለ ቁርባኑ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን፤ ለልጅህ ቀን ግን ግባ። ራስህን ጠብቅና ግባ፤ ቦታህ ላይ ቁም» አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ያን ቀን ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቼ መንገድ ላይ ብቻዬን አፏጨሁ።

ራሴን ጠበቅኩ። ከዋዜማው ጀምሮ አንድ ጠብታ ውኃ አልጠጣሁም። ሞዴሱን ደርቤ አደረግኩ፤ ከላዩ ጠባብ ቁምጣ፣ ከላዩ አዲሱ ነጭ ሱሪዬ። ባለቤቴ ከኋላ ዞራ አየችኝና «ምንም አይታይም» አለች፤ ከዚያ የአንገቴን ነጠላ አስተካክላ ጉንጬን ሳመችኝ። ጫማዬን ደጃፉ ላይ አወለቅኩ። ቀዩን ምንጣፍ በካልሲዬ ረገጥኩት። ከሁለተኛው ዓምድ አጠገብ ቦታዬ ባዶዋን ጠበቀችኝ፤ ማንም አልቆመባትም ነበር። የንስሐ አባቴ ዕጣን እያጠኑ በአጠገቤ ሲያልፉ አዩኝ፤ ጺማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ልጄ ካባዋን ለብሳ ከሙሽራው ጋር ፊት ለፊት ቆማለች። አንዴ ዘወር አለችና በዓይኗ ፈለገችኝ። አገኘችኝ።

ረጅም ቅዳሴ ነው፤ በላዩ ተክሊሉ አለ። ስግደት ሲሆን እኔ ራሴን ብቻ ዝቅ አደርጋለሁ። ሰው ሲስል አብሬ እንዳልስል ትንፋሼን እይዛለሁ። ጭብጥ፣ ለቀቅ፣ ጭብጥ። ቅዳሴው ሲጋመስ ሞዴሱ ሲከብድ ታወቀኝ፤ ግን ያዘ። ሁሉ ነገር ያዘ። ከዚያ አክሊሉን አነሡ። ካህኑ በልጄ ራስ ላይ ሲያደርጉላት ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ከመሐሉ የባለቤቴን ድምፅ ለየሁት፤ ያ ኮሪደር ላይ የሰማሁት እልልታ ነው። ለቅሶ ከሆዴ ተነሥቶ ደረቴን መታኝ። እስከዚያች ሰዓት የተከለከልኩት ሳቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ማልቀስም ኖሯል። መያዝ አልቻልኩም። ሰውነቴ አንዴ ተንሰቀሰቀና ሁሉም ነገር አመለጠኝ፤ በሁለቱም እግሮቼ ወርዶ ካልሲዬ ደረሰ። ወደ ታች አየሁ። ራሴ መርጬ ባመጣሁት ምንጣፍ ላይ፣ በእግሬ ዙሪያ፣ ቀዩ ጠቁሯል።

ሰው ሁሉ ዓይኑ አክሊሉ ላይ ነበር። ነጠላዬን እስከ ጉልበቴ አውርጄ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ በጎን በር ወጣሁ። ጫማዬን አላነሣሁም። ከዛፉ ሥር የነበሩት ሴቶች ከፈት አሉልኝ። ወደ ቧንቧው ሄጄ ካልሲዎቼን አወለቅኩ። አንዲት ወጣት፣ ራሷን በነጠላዋ እንደሸፈነች፣ ሳትጠየቅ መጥታ ቧንቧውን ከፈተችልኝና ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች።

ስብከቱ በድምፅ ማጉያው መጣ፤ ባለቤቴ እንዳለችው እዚያ ጋ ጥርት ብሎ ይሰማል። የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል። «የዚህችን ሙሽራ አባት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አሉ። «ያንን ክፉ ደዌ በጊዜ ገልጦ፣ ንጹህ አድርጎ፣ ይህን ቀን እንዲያይ ዛሬ በመካከላችን ያቆመልን አምላክ የተመሰገነ ይሁን።» ውስጥ እልልታው ተነሣ፤ የልጄም ድምፅ ያለበት መሰለኝ። ከዛፉ ሥር ያሉትም ሴቶች እልል አሉ። ወጣቷ ፊቷን ከአጥሩ ሳታነሣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ፤ ካልሲዬን እየጨመቅኩ።